የመስመር ስልኬ ከ8 ወር በኋላ፦ የራሴ ድምፅ ጆሮዬን ሲበላኝ

ጥቅምት ላይ ነው የገዛኋት፣ ተራ ባለ ቁልፍ የጠረጴዛ ስልክ ናት፣ ስክሪን የላት ምን የላት። ጣና ዳር የጀልባ ቢሮ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ "ዘጌ በስንት ሰዓት ትነሳላችሁ" "ክብራን ገብርኤል ሴት ይገባል ወይ" (አይገባም) ስባል ስለምውል የሞባይሌ ባትሪ አይዘልቅም፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ይቺ አትሄድም፣ 48 ቮልቷ ከቴሌ ማዕከሉ በሽቦው ነው የሚመጣላት።

የመጀመሪያው ወር ግን አማረረችኝ። የሚደውለው ሁሉ "ድምፅህ አይሰማም ጮክ በል" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ እየጮኸብኝ ነው፣ ለካ የጮህኩ እየመሰለኝ ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። ማይኳ ሞቷል ብዬ ድሮ ስልክ ይጠግኑ የነበሩ አንድ ጋሼ ጋ ወሰድኳት፣ እጀታዋን አንስተው እፍ እፍ አሉባትና "ማይኩስ ደህና ነው ልጄ፣ አንተ ራስህን አብዝተህ ትሰማለህ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የምትልከውም የምትቀበለውም ድምፅ የሚሄደው በአንድ ጥንድ ሽቦ ስለሆነ ያወራኸው ወደ ማዳመጫው መመለሱ አይቀርም። ጋሼ በገበያ ሚዛን ነው ያስረዱኝ፦ ከማይኩ የሚወጣው ለሁለት ይከፈላል፣ በአንዱ ጎን እውነተኛው መስመር በሌላው ጎን መስመሩን እንዲመስሉ የተቀመጡ ሬዚስተርና ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ እቃዎች፣ ማዳመጫው ቀስቷ ነው፣ ሁለቱ ጎን እኩል ከሆነ ቀስቷ አትነቃነቅም፣ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ግን ከአንድ ጎን ብቻ ስለሚገባ ይሰማል። ድሮ ይሄን የሚሰራው ጥቅልል ሽቦ ያለው ትራንስፎርመር ነበር፣ የአሁኖቹ በአይሲ (በትንሽ ቺፕ) ነው። ክፋቱ የማይክህ ጉልበት ከፊሉ እዛች ሬዚስተር ላይ ይቀራል።

ችግሩ መስመር ሁሉ አንድ አይደለም፣ ፋብሪካው ግን መካከለኛ መስመር ገምቶ አንድ መመዘኛ ድንጋይ ነው የሚያስቀምጥልህ። የኔ ቢሮ ለማዕከሉ ቅርብ ነው፣ ድንጋዩ አይመጥነውም፣ ሽቦው ሲያጥር ደግሞ ከረንቱ ይበረታል ማይኩም ይጮኻል። አላመንኩም፣ ከማዕከሉ ራቅ ወዳለው አባይ ማዶ ቤታችን ወስጄ ሰካኋት። ያው ስልክ ያው እጀታ፣ ድምፄ ልክ ገባ!

"ታዲያ ጭራሽ ለምን አያጠፉትም" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ራስህን ምንም ካልሰማህ ስልኩ የተቋረጠ ይመስልህና ትጮኻለህ አሉ፣ ሞባይል እንኳ ሆን ተብሎ ትንሽ ይጨመርበታል።

ሌላው ማይኳ የኔን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የባጃጁንም ጥሩምባ የጀልባውንም ሞተር ለቅማ ጆሮዬ ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ከዛ ደንበኛው ምን እንዳለ አይሰማኝም። ለዚህ ያገኘሁት መላ እየሰማሁ ሳለ ማይኩን በመዳፌ መድፈን ነው፣ ሲሪየስሊ ሞክሩት፣ ሌላውን ጆሮ ከመድፈን ይበልጣል። በዚህች ብቻ ስንት ቀጠሮ አትርፌያለሁ።

የቀረው ብዙ አያስወራም፣ ጥሪዋ ከውጭ ይሰማል፣ 5 ቁጥሯ ሁለቴ ካልተጫነች አትገባም። አሁን አባይ ማዶ ትቻት የአባቴን ባለ መዞሪያ አሮጌ ስልክ ቢሮ አምጥቻለሁ። እናቴ ወዳታለች፣ ግን አዲስ አበባ እህቴ ጋ ስትደውል አሁንም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል፣ እሱን እንኳ ሬዚስተር አይችለውም።