ያገለገለ የእንጨት ጀልባ በጣና ላይ፦ ከወራት በኋላ

ያገለገለ የእንጨት ጀልባ ለመግዛት ካሰባችሁ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የታንኳ አያያዝ ለእንጨት ጀልባ አይሆንም። ጣና ዳር ላደግን ሰዎች ዓይናችን የለመደው ታንኳን ነው። ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገል፣ ውሃ ስለሚጠጣ ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። እንጨት ተቃራኒው ነው። ሳንቃው ሲደርቅ ይኮማተርና መገጣጠሚያው ይከፈታል። ውሃ ሲያገኝ ያብጥና መልሶ ይገጥማል።

የእኔዋ ከዋንዛ ሳንቃ የተሠራች፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ ናት። ግንቦት ላይ ገዛኋት፤ አሁን ጥምቀት አልፏል። ክረምቱንም በጋውንም አየኋት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ በደብረ ማርያም ደሴት በኩል እወጣባታለሁ።

ግንቦት ለገዢ ጥሩ ወር ነው። ሐይቁ ከክረምቱ በፊት ስለሚጎድል ጀልባዎች ዳር ተጎትተው ይገኛሉ። ገልብጦ ሆዳቸውን ማየት ይቻላል። ደላላው ስለ ቀለሟ ብዙ አወራኝ። ቀለም ግን ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲያውም ሰሞኑን ከተቀባ ይበልጥ መጠርጠር ነው። እኔ ወስፌ ይዤ ነበር የሄድኩት። ጤነኛ ሳንቃ ላይ የወስፌው ጫፍ ትንሽ ገብቶ ይቆማል። የበሰበሰው ላይ ዳቦ እንደሚወጉ ያህል ይሰምጣል። ከኋላ መቀመጫው ሥር መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ሰመጠብኝ። በዚያ ምክንያት ዋጋ አስቀነስኩ። በኋላ አናጢ የተበላሸውን ቆርጦ አዲስ ሳንቃ ገጠመበት፤ እስከ ዛሬ ደህና ነው። ከእንጨት ጀልባ የምወደው ይህን ነው፤ የተጎዳው ብቻ ተለይቶ ይቀየራል፣ ሌላው ይቀጥላል።

መጀመሪያ ውሃ ላይ ስናወርዳት በየመገጣጠሚያው አፈሰሰች። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ተበላህ!» አለኝ። ዳር ላይ አስረን፣ ውሃ እስከ ግማሽ ሞልተን ተውናት። ይንቆረቆር የነበረው ውሃ በማግስቱ ወደ ጠብታ ወረደ። ከዚያ ሳንቃው ላብ ላብ አለው፤ በመጨረሻ ቀጥ አለ። አንዱ መገጣጠሚያ ብቻ እምቢ ሲል ጥጥ ጠቅጥቀን ሬንጅ ቀባንበት።

ብዙ ሰው የሚፈራው ከሥር ያለውን የሐይቅ ውሃ ነው። እንጨቱን ይበልጥ የሚያበሰብሰው ግን ውስጧ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ነው። ባሕር ላይ መርከብ የሚበላው ትል የሚኖረው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ለጣና አያሰጋም። ሐምሌና ነሐሴን በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ስጨልፍ ከረምኩ። ሸራ አልብሷት፤ ግን ግጥም አታድርጉት፤ አየር ይግባባት።

አሁን ስለ ጉዞዋ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲመጣ ክብደቷ ጠቀመኝ፤ እንደ ልቧ አትወዛወዝም፣ መቀመጫውም ደረቅ ነው። ክብደቷ የሚያስመርረኝ ዳር ላይ ነው። ሰው ካልጠራሁ ንቅንቅ አትልም። የደረቀ ትንሽ ታንኳ ግን አንድ ሰው ይሸከመዋል።

በአንድ ነገር ታንኳ ይበልጣታል። ደንገል ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ማዕበል ቢያጥበውም ሰውን ይዞ ይቆያል። የእንጨት ጀልባ ውሃ ከሞላባት ግን ሰው መሸከም አትችልም። ያለ ላይፍ ጃኬት አትውጡባት፣ በተለይ ልጆች ይዛችሁ። እምቦጭ አረም ውሃውን በሸፈነበትም አትሞክሯት። በፎገራና በደምቢያ በኩል ላላችሁ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በመቅዘፊያ ብቻ ከዚያ መውጣት አድካሚ ነው።

መሸጥ ለምትፈልጉ፦ ጀልባዋን ውሃ ላይ አቆይታችሁ አሳዩ። ለወራት ዳር ላይ የደረቀች ጀልባ ደህና ሆና ሳለ የተበላሸች ትመስላለች፤ ዋጋዋም ያለ አግባብ ይወርዳል። የተጠገነውን ቦታም ራሳችሁ አሳዩ። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ባለጀልባው ዋጋ ላይ ይጠነክራል፤ ገዢ ከሆናችሁ ያን ጊዜ አትቸኩሉ። እኔንም የጠየቀኝ ሰው አለ። ለጊዜው አልሸጥም፤ ከፋሲካ በኋላ የፊተኛውን መቀመጫ ላስቀይር ከአናጢው ጋር ተነጋግረናል።