በአደራ የሰጠናቸውን ሳንቲሞች ተጠንቅቀው ለያዙልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

አባታችን በሕይወት ዘመናቸው ያሰባሰቧቸውን የቆዩ ሳንቲሞች ዋጋ አስገምተን ለአራት ልጆቻቸው እንድንከፋፈል የረዱንን የሳንቲም ገማች ባለሙያ በቤተሰቤ ስም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ተመሳሳይ ጉዳይ ላለበት ሰው ሁሉ እርሳቸውን እጠቁማለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህ አልጠቀስኩትም፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ በግል መልእክት ቢጠይቀኝ እሰጣለሁ። እኔ ማስረዳት የምፈልገው የሰውየው አሠራር ምን እንደሚመስልና እኛንም ራሳቸውንም ከጭቅጭቅ እንዴት እንዳዳነን ነው።

ከዚህ ቀደም ከአባታችን ስብስብ ሦስት የብር ሳንቲሞችን ለአንድ ነጋዴ በቃል ብቻ አስረክበን ነበር። የተመለሱልን ተወልውለው፣ አዲስ መስለው ነው። ብር በዘመን ብዛት የሚለብሰው ጠቆር ያለ መልክ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚፈለግ ነገር በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ከተፈገፈገ ሳንቲሙ ከዋጋው ብዙ ያጣል፤ የጠፋውን መልክ መመለስም አይቻልም። ነጋዴው ግን «ሲመጡም እንዲሁ ነበሩ» አሉን። እኛ ፎቶግራፍ አላነሳንም፣ እርሳቸውም ምንም አልጻፉም፤ ስለዚህ እኛ የምንከስበት ማስረጃ፣ እርሳቸውም ራሳቸውን ነጻ የሚያወጡበት መከላከያ አልነበረንም። ምናልባት ከማስረከባችን በፊት ከቤተሰባችን አንዱ ወልውሏቸው ሊሆን ይችላል። ሰውን አደራ በላ ብሎ መጠርጠርና እውነቱን ግን ፈጽሞ አለማወቅ፣ ከደረሰብን ኪሳራ ይልቅ ያሳመመኝ ይህ ነው።

አሁን የማመሰግናቸው ባለሙያ የሳንቲሞቹን ከረጢት ስንዘረጋላቸው አልተቀበሉንም። ከረጢቱን ራሳችን እንድንከፍትና ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እየቆጠርን ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ እንድንደረድር ጠየቁን፤ ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስም አንዱንም አልነኩም። በአባታችን ደብተር የተመዘገቡት 64 ሲሆኑ ጠረጴዛው ላይ የተገኙት 63 ነበሩ። ሁላችንም ደነገጥን። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአባታችን ወረቀቶች መካከል ባገኘነው ማስታወሻ፣ የጎደለውን ሳንቲም ከሌላ ሰብሳቢ ጋር በመጽሐፍ እንደለወጡትና ከደብተሩ ላይ መሰረዝ እንደረሱ ተረዳን። ደብተሩን አምነን ከረጢቱን እንደ ታሰረ ብናስረክብ ኖሮ ግን ጉድለቱ የሚወድቀው በማን ላይ እንደነበር ግልጽ ነው።

ከቆጠራው በኋላ የተዘጋጀው የርክክብ ሰነድ ደግሞ የበለጠ አስተማረኝ። በእኔ ግምት «አሥራ አንድ የ1780 ጠገራ ብር» ብሎ መጻፍ በቂ ነበር። ባለሙያው ግን ይህ አጻጻፍ ምንም እንደማይለይ አስረዱን፤ ምክንያቱም ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ታለር፣ ንግሥቲቱ ካረፉበት ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ ሲመታ የኖረ ገንዘብ ነው። የአንዱ ቦታ ምት ከሌላው የሚለየው በንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥ ላይ ባሉት ነጥቦች፣ በጀርባው ባለው ንስር የጅራት ላባዎችና በመሳሰሉት ጥቃቅን ምልክቶች ሲሆን፣ ዋጋቸውም እንደዚያው ይለያያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳንቲም የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ፊቱ፣ ጀርባውና ጽሑፍ ያለበት ጠርዙ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ክብደቱም እስከ ግራም መቶኛ ድረስ ተመዝኖ ተጻፈ። የታለሩ ትክክለኛ ክብደት 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ የእኛዎቹ በአገልግሎት ብዛት ትንሽ ትንሽ ቀንሰው ስለነበር የእያንዳንዳቸው ክብደት ራሱ እንደ መለያ ሆነ።

ሚዛኑ ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን የወርቅ ሳንቲሞቹ ጋ ስንደርስ ነው። አባታችን በጣም የሚወዷቸው ሦስት የእንግሊዝ ሶቨሪኖች ነበሩ። ሶቨሪን 22 ካራት ወርቅ ሆኖ 7.99 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዝውውር ላይ በነበረበት ዘመንም በመፋተግ ብዛት ከ7.94 ግራም አካባቢ በታች የወረደው በሕግ እንደ ሙሉ ገንዘብ አይቆጠርም ነበር። ሁለቱ በሚገባቸው ልክ ሲገኙ ሦስተኛው 6.41 ግራም መዘነ። ባለሙያው ሚዛኑን በመፈተሻ ክብደት አረጋግጠው፣ ታላቅ እህቴ በገዛ እጇ ደግማ እንድትመዝነው አደረጉ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ሳንቲሙ ሐሰተኛ ነበር። ይህን ያወቅነው ሳንቲሙ ገና በእኛ እጅ ሳለ፣ አራታችንም እያየን ነው። ከሳምንት በኋላ በስልክ «አንዱ ሐሰተኛ ነው» ቢሉን ኖሮ፣ እውነቱን እናገራለሁ፣ እኔ ራሴ ለውጠውብናል ብዬ አምን ነበር።

ሌላው ያደነቅኩት፣ በርክክብ ሰነዱ ላይ «በጣም ጥሩ ይዞታ» የሚል ቃል እንዳይገባ መከልከላቸው ነው። የይዞታ ደረጃ፣ ማለትም ሳንቲሙ ምን ያህል ሳይጎዳ እንደቆየ የሚገልጸው፣ ሰብሳቢዎች በሚጠቀሙበት ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያም ቢሰጥ፣ የሰው አስተያየት ስለሆነ ሁለት ባለሙያዎች ሊለያዩበት ይችላሉ፤ ክብደት፣ ስፋትና ፎቶግራፍ ግን አያከራክሩም። በዚህ ምክንያት ሰነዱ የሚለካውንና የሚታየውን ብቻ ያዘ፤ የእርሳቸው ግምት በሌላ ወረቀት ለብቻው ተጻፈ። ጭረቶችና ግጭቶች ያሉበት ቦታ ሳይቀር ተመዘገበ። አምስት ሳንቲሞች ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በመቀመጣቸው የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር አውጥተው ነበር፤ ባለሙያው ይህ ከፒቪሲ ፕላስቲክ የሚመጣና ብረቱን የሚጎዳ መሆኑን፣ አሴቶን በሚባል ንጹሕ የማሟሟያ ፈሳሽ ሊነሣ እንደሚችልም ነገሩን፤ የአራታችን የጽሑፍ ፈቃድ እስኪደርሳቸው ድረስ ግን ጠብታ አላስነኩትም።

በመጨረሻ ሳንቲሞቹ ቁጥር ባላቸው ከረጢቶች ታሸጉ፤ የማሸጊያዎቹ ቁጥሮችም በሰነዱ ላይ ሰፈሩ። እኛ የማናስበው አንድ ጥያቄም ጠየቁን፤ «ከእናንተ መካከል ማን ቢመጣ ነው የምመልሰው?» አሉን። ከወራሾች መካከል አንዱ ብቻውን ተረክቦ ሌሎቹ አልደረሰንም የሚሉበት ጊዜ እንዳለ ነግረውን፣ ቢያንስ ሁለታችን ሳንገኝ ለማንም እንዳይሰጡ በጽሑፍ አዘዝናቸው። ንብረቱ በእጃቸው ባለበት ጊዜ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ኃላፊነቱ እስከ ምን እንደሆነ፣ የመድን ሽፋናቸውንም እያሳዩ፣ በሰነዱ ውስጥ አስገቡት። አራታችንም እርሳቸውም ፈረምን፤ ለየራሳችንም ቅጂ ወሰድን።

ታናሽ ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ምርመራ እንደ ንቀት ተሰምቶት «እኛን አላመኑንም ማለት ነው» ብሎኝ ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውን የተረዳው ሳንቲሞቹን ስንረከብ ነው። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ማሸጊያ በፊታችን ተከፈተ፤ እያንዳንዱ ሳንቲም እንደገና ተመዝኖ ከፎቶግራፉ ጋር ተያየ፤ ሥራው ከሁለት ሰዓት በላይ ቢወስድም ከመካከላችን ጥያቄ ያነሣ ሰው አልነበረም። ክፍፍሉንም ያለ አንዳች ቅሬታ ጨርሰናል፤ ሐሰተኛውን ሶቨሪን ግን አባታችን ስለሚወዱት ለማስታወሻ አስቀርተነዋል።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሰዎች አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ ከተቻለም ወራሾቹ ሁሉ ተገኙ፤ ግማሽ ቀንም ነጻ አድርጉ። ሳንቲሞቹንም ለማሳመር ብላችሁ እንዳትወለውሉ አደራ እላለሁ። ለባለሙያው ደግሞ ስለ ትዕግሥትዎና ስለ ሐቀኛ አሠራርዎ መላው ቤተሰባችን እጅግ ያመሰግንዎታል።