ለድሬ ግቢ የሚሆን የመኪና ቻርጀር

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ባለ 7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር ካስገጠምኩ ቆይቷል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሁሉ «የቱን ልግዛ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን ልጻፈው።

ሻጮች መጀመሪያ የሚጠሩልህ ኪሎዋት ነው። 11 አለ፣ 22 አለ ይሉሃል። ቤትህ እንደ አብዛኛው የድሬ ቤት ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ከሆነ ግን ትርፉ ገንዘብ ማባከን ነው። 220 ቮልት በ32 አምፔር 7 ኪሎዋት ነው፣ አለቀ። ደግሞም ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ዕቃ መብራቱን ተቆጣጥሮ ያሳልፋል እንጂ ባትሪውን የሚሞላው መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ነው። የእኔ መኪና፣ ቢዋይዲ ሲጋል፣ ከ6.6 ኪሎዋት በላይ አይቀበልም። 22 ብትሰቅልለትም ያው ነው።

እኔ የማየው አምፔሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለውን ነው። የእኔ ከ8 እስከ 32 በአዝራር ይስተካከላል፤ በጣም የወደድኩለትም ይሄንኑ ነው። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ማታ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። መኪናው 6.6 እየሳበ ምጣዱ ሲጣድ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። አሁን «ልጄ፣ ልጋግር ነው» ስትለኝ ወደ 10 አምፔር አወርደዋለሁ። ከ3 ሰዓት በኋላ 16 ላይ አድርጌ እተኛለሁ። 16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ማለት ነው፤ ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪዬ 20 ፐርሰንት ላይ ቢሆን እንኳ እስኪነጋ ይሞላል። የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ደርሼ ለመመለስ ይበቃኛል።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር መጥፎ ዕቃ አይደለም። አደጋው ሶኬቱ ነው። የጎረቤቴን አይቼዋለሁ፦ ስፒናው የገባበት ቀዳዳ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጣብቋል። የቤት ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ እንዲሠራ አልተሠራም። ኤክስቴንሽንማ በጭራሽ!

ገጠማው ላይ አትሰስት። ከቆጣሪው ለብቻው የተሳበ 6 ስኩዌር ሚሜ የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር እና ሰው ሲይዘው የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪሺያኑ ሥራውን ሲጨርስ በ32 አምፔር አንድ ሰዓት አስሠራነው። ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ ክዳኑን ከፈተና ብሎኖቹን በካቻቢቴ አንድ በአንድ ደገማቸው። አንዱ ሩብ ዙር ዞረ። የላላ ብሎን ይግላል፣ የጋለ ደግሞ ይቀልጣል። ስታስገጥም ይህን ሳታይ ሰውየውን አታሰናብት።

ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር፣ የድሬ ትልቁ ጣጣ ነው። መሬታችን አሸዋማና ደረቅ ስለሆነ መብራትን በደንብ አይቀበልም። አንድ ዘንግ ቀብረን ቻርጀሩ ቀይ መብራት አበራ፣ አልሞላም አለ። ሁለተኛ ዘንግ ራቅ አድርገን ቀብረን ስናገናኘው አረንጓዴ ሆነ። «ግራውንዱን እናልፈዋለን» የሚልህ ባለሙያ ካጋጠመህ በትህትና ሸኘው። ልጆች ባዶ እግራቸውን የሚሮጡበት ግቢ ነው።

ሙቀቱን አትርሳ። አብዛኞቹ ቻርጀሮች እስከ 50 ዲግሪ ይሠራሉ ይባላል፤ ያ ግን የጥላ ሙቀት ነው። የግንቦት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ራሱን ለማዳን አምፔሩን ይቀንሳል። የእኛን ወደ ምሥራቅ በሚያየው ግድግዳ በረንዳው ሥር አደረግነው። ለአቧራው አይፒ65 የሚል የተጻፈበትን ምረጥ።

የማልወድለት ገመዱን ነው። 5 ሜትር ነው፤ መኪናዋን በፊቷ ካስገባሁ አይደርስም። 7 ሜትር ያለው ካገኘህ ጨምረህ ግዛ። የቻይና ገበያ መኪና ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ ጂቢቲ ስለሆነ የአውሮፓውን ቻርጀር አትግዛ፤ እዚህ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሁለቱም ጎን ለጎን ተደርድረው ታያለህ።

ከመክፈልህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ይጀምራል ወይስ ቻርጀሩን የሚያስነሳ ካርድ እንደገና እንድታስነካው ይፈልጋል? የእኔ ትንሽ ጠብቆ ራሱ ይቀጥላል። ካርድ የሚፈልገው ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ቢመጣም እስክትነሳ ቆሞ ይጠብቅሃል።