ካያኬን ለጠገኑልኝ የደሴ ጎሚስታ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ የከባድ መኪና ጎማ ከደጃፉ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ የተደረደረበት አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ስማቸውን እንዳልጽፍና ፎቷቸውን እንዳላወጣ ቃል አስገብተውኛል። «ሥራዬን ከወደድከው ሰው ላክልኝ፤ ስሜን ምን ያደርጉታል?» ነው ያሉት። ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ምስጋናዬን ግን አላስቀርም። የጠገኑልኝ የመኪና ጎማ ቢሆን ኖሮ ሒሳቤን ከፍዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እሄድ ነበር። እኚህ ሰው የጠገኑልኝ ግን በአየር የሚነፋ ካያክ ነው።

ካያክ ማለት ግራና ቀኝ በሚቀዝፍ ባለ ሁለት ጫፍ መቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ ነው። የእኔው አየሩ ሲወጣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እህቴ ከውጭ ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ «ያ ፍራሽ» ትለዋለች። አየር የሚይዘው በሦስት ክፍል ነው፤ ግራ ጎን፣ ቀኝ ጎንና ወለል። አንዱ ቢተነፍስ ሁለቱ ሰውየውን ይዘው እንዲንሳፈፉ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህ ክፍፍል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የተረዳሁት ባሽሎ ወንዝ ላይ ነው።

ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በኩታበር በኩል ወደ ባሽሎ ሸለቆ የወረድነው በጥቅምት መጀመሪያ ነበር። ባሽሎ በክረምት አይደፈርም። እናንተ ባላችሁበት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ግንድና ድንጋይ ጠራርጎ በደራሽ ይመጣል። በጋው ሲገፋ ደግሞ ውሃው ይሳሳና ከመቅዘፍ ይልቅ ጀልባ ተሸክሞ ድንጋይ መዝለል ይሆናል። ጥቅምት ላይ ጎደል ይላል፣ ጉልበቱ ግን ገና አልለቀቀውም። አጼ ቴዎድሮስ ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያሻገሩት በዚሁ ሸለቆ ነው። እኛ 14 ኪሎ ካያክ ተፈራርቀን ተሸክመን ቁልቁለቱን ስንወርድ ጉልበታችን ሲብረከረክ፣ አንደኛው ጓደኛችን ይህንን ሳያስታውሰን አላለፈም።

አረፋ እየደፈቀ የሚወርድ ውሃ ከላይ ሆኖ ይነበባል። ውሃው ከሰፊ ወደ ጠባብ እየሾለ ወደ ታች ካመለከተ መንገዱ እሱ ነው። ሹሉ ወደ እናንተ ካመለከተ ግን ጫፉ ላይ ድንጋይ አለ። የመጀመሪያውን ወራጅ እንዲህ አንብቤ ቀና ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛውንም በትክክል አንብቤዋለሁ፤ ያላነበብኩት የካያኬን ግራ ጎን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ግራ ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተገኝታ፣ በሌላ ከተማ የሚሠራ አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለካላማዳሪ በሚጠቀምበት ማስቲሽ ለጥፎ «አበቃ፣ ውሰደው» ብሎኝ ነበር። እኔም በፍጥነቱ ተደንቄ ጉርሻ ጨምሬ ከፍያለሁ። ያ ልጥፍ ሁለተኛው ወራጅ መሃል ላይ እንደ ፖስታ ቴምብር ተላጠ። ግራ ጎኔ ላላ፣ ካያኩ ወደ ላላው በኩል ዞረ፣ ወገቡንም ለድንጋይ ሰጠ። እንዲህ ሲሆን ወደ ድንጋዩ ማዘንበል እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ፈርቼ ሸሸሁ። ውሃው ጎኑን ረግጦ ገለበጠኝ።

ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት አድርጌያለሁ። ለመቆም አልሞከርኩም፤ በሚሮጥ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ደፍቶ ይይዘዋል። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እግሬን ወደ ፊት አድርጌ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ወደ ኋላ ከሚዞርበት ጸጥ ያለ ቦታ ስደርስ ጓደኞቼ ገመድ ወረወሩልኝ። ካያኩ በቀኝ ጎኑና በወለሉ ተንሳፍፎ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተያዘ፤ ግራ ጎኑ ግን አንድ ስንዝር ያህል ተቀዶ ነበር።

ደሴ ስመለስ ሁለት ቦታ ሳቁብኝ። ሦስተኛው እኚህ ጎሚስታ ነበሩ። አልሳቁም። ጨርቁን በምራቃቸው አርሰው አሹት፣ አጠፉት፣ አሸተቱት። «ይህ እኮ ላስቲክ አይደለም፤ የአይሱዙ ሸራ ዘመድ ነው» አሉ። ለካስ ከጎማው ጎን ለጎን የጭነት መኪና ሸራ ሲጠግኑ ነው የኖሩት።

«ታዲያ አንቱ ዛሬ ይጨርሱልኛል?» አልኳቸው።

«ዛሬ ብለጥፈው ዛሬ ይለቃል። የጎማ ማስቲሽ ይህንን አይነክሰውም። የቧንቧ ማጣበቂያ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የጫማ ሶል የሚያጣብቁበት፣ ከማድረቂያው ጋር የሚቀላቀለው ነው የሚበጀው። ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። አብሽር፣ ውሃው የትም አይሄድም።»

አራት ቀን ጠበቅኩ። በአምስተኛው ቀን ከጎናቸው ተቀምጬ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ያንን ያረጀ ማስቲሽ አንድም ሳያስቀሩ ፍቀው አነሱት። በአሴቶን ደጋግመው ወለወሉት። በተቀደደው በኩል አንድ ልጥፍ ወደ ውስጥ አስገብተው ለጠፉ፤ ቀዳዳውን በናይለን ክር ጥቅጥቅ አድርገው ሰፉት። የላዩን ልጥፍ ሲቆርጡ ከቅዱ በየአቅጣጫው አራት ጣት አስተርፈው፣ ማዕዘኖቹን በሻይ ብርጭቆ አፍ ለክተው አከበቧቸው። «ማዕዘን ካለው ውሃው ጥፍሩን ያስገባበታል» አሉኝ። ማጣበቂያውን በስሱ ቀቡ፣ አደረቁ፣ ደግመው ቀቡ። በጣታቸው ጀርባ ነክተው «ያዝ ያደርጋል፣ ግን አይከተልም» ሲሉ ገጠሙት፤ ከመሃል ወደ ዳር በጠርሙስ እየዳመጡ አየሩን አስወጡ። ከዚያ ሙሉ ቀን እንዳልነካው አዘዙኝ።

በማግስቱ እኔ ሞኙ «በኮምፕሬሰሩ ይንፉት» አልኩ። ቫልቩ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አስነበቡኝ፤ የአየር ግፊቱ 2.5 ፒኤስአይ ይላል። የቤት መኪና ጎማ 30 እና ከዚያ በላይ ይይዛል። «ይህንን በኮምፕሬሰር ብነፋው እኔንም አንተንም ሐረጎ ተራራ ላይ ይፈልጉናል» ብለው በራሴ የእግር መንፊያ አስነፉኝ። የሳሙና ውሃ አፈሰሱበት፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቁኝ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ አየሩ ስለሚኮማተር ቢላላ እንዳልደነግጥ፣ ጥቂት ልጨምርበት። ሐይቅ ወርጄ ስሞክረው፣ የእስጢፋኖስን ገዳም እያየሁ መሃል ስደርስ እውነትም ላላ። ባይነግሩኝ ኖሮ እዚያው ስሳደብ ያገኙኝ ነበር። በኅዳር መጀመሪያ ባሽሎ ላይ ያንኑ ወራጅ ሦስት ጊዜ ወረድኩት፤ ልጥፉ ቅንጣት አልተነሳም።

ማጣበቂያውን ጨምሮ ያስከፈሉኝ 1,200 ብር ነው። እንከን ከተባለ፦ ስልካቸውን አያነሱም፣ ለችኩል ሰው አይሆኑም፣ ልጥፉም ቀይ ካያክ ላይ የሸራ አረንጓዴ ነው። ቀለም ስለ መምረጥ ባነሳባቸው «ዓሣው ያይብሃል?» አሉኝ።

የመኪና ሸራ፣ የውሃ መያዣ፣ የሚነፋ ፍራሽ፣ የልጆች መዋኛ፣ ምንም ይሁን ውሰዱላቸው። አሸዋውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ውሰዱ፤ እርጥብ ከሆነ አይቀበሉም። አርብ ከሰዓት ለጁምዓ ስለሚዘጉ ጠዋት ሂዱ።

ለመጪው ጥቅምት ባሽሎ ስንወርድ አብረውን እንዲመጡ ጋብዘናቸዋል። ካያኩ ላይ እንደማይቀመጡ አስቀድመው ነግረውናል፤ የሚመጡት ዳር ቆመው ልጥፉን ለማየት ነው። የመኪናውን የፊት ወንበር ይዘንላቸዋል።