አርክጂአይኤስ ፕሮ ወይስ ኪውጂአይኤስ? ከመግዛታችሁ በፊት ተቀጥላዎቹን ቁጠሩ

አንድ መሥሪያ ቤት ለአጭር ሥራ ጠርቶኝ ሄድኩ። ሥራው የአንድ ወንዝ ተፋሰስ ወሰን ማውጣት ነበር። ላይሰንሱ ተገዝቷል፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፣ ቡናም ቀርቧል። የካርታ ሥራ ፕሮግራሙን አርክጂአይኤስ ፕሮን ከፍቼ የተዳፋት ማስያውን ስጫን ስህተት 000824 መጣ፤ ለዚህ መሣሪያ ፈቃድ የላችሁም ማለቱ ነው። ዋናው ፕሮግራም ተገዝቷል። ስፓሻል አናሊስት የሚባለው ኤክስቴንሽን (ተቀጥላ) ግን አልተገዛም። የግዢ ክፍሉ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አልሰማም ነበር። እስከ ምሳ ድረስ ደብዳቤ ስንጽፍ ዋልን።

ከዚያ ወዲህ «ከሁለቱ የካርታ ፕሮግራሞች፣ ከአርክጂአይኤስ ፕሮና ከኪውጂአይኤስ፣ የቱ ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው መልሼ እጠይቃለሁ፤ ምን ልትሠራበት ነው? ሁለቱም ዋናው አካላቸው ላይ ሌላ ሌላ ነገር እየተሰካ የሚሠሩ ናቸው። ልዩነቱ የሚሰካውን ማን ይሠራዋል፣ ስንት ያስከፍላል፣ አልሠራም ሲልስ ማንን እንጠይቃለን የሚለው ላይ ነው።

የአርክጂአይኤስ ፕሮ ባለቤት ኢስሪ ነው። ድርጅቱ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬድላንድስ ላይ ያለ ነው። ኤክስቴንሽኖቹን ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይሸጣል። ለራስተር (በትናንሽ ሴሎች ለተከፋፈለ ምስል) ትንተና ስፓሻል አናሊስት፣ ለመንገድ መረብ ኔትወርክ አናሊስት፣ ከተለኩ ነጥቦች ተነሥቶ ያልተለካውን ለመገመት (ለክሪጊንግና ለመሳሰለው) ጂኦስታቲስቲካል አናሊስት አለ። ዋናው ፕሮግራምም ደረጃ ደረጃ አለው። ለረጅም ጊዜ ቤዚክ፣ ስታንዳርድና አድቫንስድ ይባሉ ነበር፤ ስሞቹ በቅርቡ ተቀይረዋል። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ በምትገዙት ደረጃ ውስጥ የትኛው ኤክስቴንሽን እንደተካተተ በጽሑፍ አስመልሱ። በቃል አይሆንም።

ጥሩ ጎኑ ሁሉም ከአንድ ቤት መምጣቱ ነው። ፕሮግራሙ ሲታደስ ኤክስቴንሽኖቹም አብረው ይታደሳሉ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ በደንብ የተጻፈ ማብራሪያ አለ። ራስ ምታቱ የሚጀምረው የፓይተን ላይብረሪ (በፕሮግራም ቋንቋው በፓይተን የተጻፈ ዝግጁ ኮድ) ልጨምር ስትሉ ነው። አብሮት የሚመጣው የፓይተን አካባቢ እንዳይነካ የተቆለፈ ነው። መጀመሪያ ክሎን ማድረግ (ቅጂውን ማውጣት) አለባችሁ፤ ክሎኑ ደግሞ ዲስክ ይበላል። በላዩ ላይ ዊንዶውስ ብቻ ነው የሚቀበለው። 8 ጊጋባይት ራም ዝቅተኛው ነው ይባላል። በ8 ሞክሬዋለሁ፤ ለትዕግስት ልምምድ ጥሩ ነው።

ኪውጂአይኤስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጋሪ ሸርማን የጀመረው ነጻ ሶፍትዌር ነው። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ተቀጥላዎቹን፣ ፕለጊን የሚባሉትን፣ የሚጽፉት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ በፓይተን የተጻፉ ናቸው። ከፕለጊን ማውጫው ፈልጋችሁ፣ ጫን ብላችሁ፣ በደቂቃ ትጠቀማላችሁ። ነጻ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ወጪው ሰዓት ነው።

ለምሳሌ የሳተላይት ምስል ለመመደብ ብዙ ተማሪ የሚወደው ሴሚ አውቶማቲክ ክላሲፊኬሽን የሚባለው ፕለጊን አለ። ስምንተኛው ትውልዱ ሬሞቲዮር ሴንሰስ የሚባል የፓይተን ላይብረሪ ይፈልጋል። ፕለጊኑን ጭናችሁ ላይብረሪው ከሌለ አይሠራም። ያኔ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ በፒፕ፣ በፓይተን የላይብረሪ መጫኛ፣ መጫን ይመጣል። ለለመደው የአምስት ደቂቃ ነገር ነው፤ ላልለመደው ከሰዓት በኋላው አለቀ።

ሌላው የቨርዥን ጣጣ ነው። ኪውጂአይኤስ በየአራት ወሩ አዲስ ያወጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ 3 ሲሻገር ፓይተን 2ን ትቶ ወደ ፓይተን 3 ስለሄደ የድሮ ፕለጊኖች እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። ጸሐፊው ሥራ የቀየረ ወይም የተሰላቸ ፕለጊን እዚያው ቀረ። ወደ 4 ሲሻገርም ከስሩ ያለው መስኮትና ቁልፍ የሚሠራበት ላይብረሪ፣ ኪውቲ፣ ወደ 6 ስለሚቀየር ተመሳሳይ ጣጣ አለ። መፍትሄው ቀላል ነው። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን፣ ኤልቲአር የሚባለውን፣ ጫኑ። የመመረቂያ ጽሑፍ እያስገባችሁ አፕዴት አታድርጉ። ለእያንዳንዱ ትልቅ ሥራም አዲስ የተጠቃሚ ፕሮፋይል ክፈቱ። ፕለጊኖች በፕሮፋይል ስለሚለያዩ የአንዱ ብልሽት ሌላውን አይነካም።

ወደ ተፋሰሱ ልመለስ፤ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነው። በስፓሻል አናሊስት መጀመሪያ በከፍታ ዳታው ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ትሞላላችሁ፣ ቀጥሎ የፍሰት አቅጣጫ፣ ቀጥሎ የፍሰት ክምችት፣ ከዚያ ተፋሰስ። ደረጃው ግልጽ ነው፣ ለማስተማርም ይመቻል። በኪውጂአይኤስ ግራስ ፕሮቫይደር የሚለውን ፕለጊን ምልክት አድርጋችሁ አር ዶት ዋተርሼድ የሚለውን መሣሪያ ትጠራላችሁ። እሱ ጉድጓድ ሙሉልኝ አይልም፤ አቅጣጫውንም ክምችቱንም ተፋሰሱንም በአንድ ጊዜ ያወጣል። የሚጠይቃችሁ የተፋሰሱን ዝቅተኛ ስፋት በሴል ቁጥር ነው። የሴሉ ጎን 30 ሜትር የሆነ የከፍታ ዳታ ካላችሁ አንድ ሴል 900 ካሬ ሜትር ነው። 10,000 ሴል ብትሉት 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ያን ቀን ከምሳ በኋላ በዚህ መንገድ ወሰኑን አወጣን። ደብዳቤው ግን መልስ እየጠበቀ ነበር።

ስዋት የሚባለውን የውሃ ሞዴል የምትጠቀሙ፣ በተለይ በዓባይና በጣና ዙሪያ ጥናት የምትሠሩ፣ ምርጫው በግማሽ ተወስኖላችኋል። አርክስዋት የተሠራው ለአሮጌው የኢስሪ ፕሮግራም፣ ለአርክማፕ፣ ነው። የአርክማፕ ድጋፍ ማብቂያ ደግሞ ማርች 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ነው። ኪውስዋት ፕላስ ኪውጂአይኤስ ላይ ይሠራል። አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ ወዲያ ሂዱ።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ቦታ ኪውጂአይኤስ ይመቻል። ፕለጊኑን ዚፕ አድርጋችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ «ከዚፕ ጫን» የሚል አማራጭ አለው። አርክጂአይኤስ ፕሮ ፈቃዱ በተጠቃሚው ስም የተያዘ ሲሆን በኢንተርኔት መግባትን ይፈልጋል። ወደ ፊልድ ከመውጣታችሁ በፊት ፈቃዱን ለኦፍላይን አውርዱት። ይህን ረስቶ አፋር የወረደ ሰው አውቃለሁ፤ የት ነው የምታውቀው አትበሉኝ።

ሁለቱም ላይ የሚያጋጥም አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ ዳታ ፋይል ለዓምድ ስም 10 ባይት ብቻ ይሰጣል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «የቀበሌ_ስም» ብላችሁ የሰየማችሁት ዓምድ ሦስተኛው ፊደል ላይ ይቆረጣል። ፕለጊን ተበላሸ ብላችሁ አትድከሙ፤ ጂኦፓኬጅ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ተጠቀሙ። የቆዩ የ1:50,000 ካርታዎችንም ስትደርቡ አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (ዳተም) የተሠሩ መሆናቸውን ለፕሮግራሙ ንገሩት፤ ኮዱ ኢፒኤስጂ 20137 ነው፣ ለዞን 37። ካልነገራችሁት ከጂፒኤስ ነጥባችሁ በ200 ሜትር ገደማ ይርቃል።

እንግዲህ ተማሪ ከሆናችሁ ወይም በግላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኪውጂአይኤስ ኤልቲአር ይበቃችኋል። አርክጂአይኤስን መልመድ ብቻ ከፈለጋችሁ ለግል ጥቅም የሚሸጥ በዓመት 100 ዶላር ገደማ የሆነ ፈቃድ አለ። ገንዘብ ለሚያስገኝ ሥራ ግን አይፈቀድም፤ የዶላር ካርድ ማግኘቱም ሌላ ጉዞ ነው። ክራክ የተደረገውን አልመክርም። ቫይረሱ ቢቀር እንኳ አንድ ቀን የሆነ መሣሪያ እምቢ ሲል የምትጠይቁት ሰው የለም።

ብዙ ሠራተኛ አንድ ዳታቤዝ ላይ የሚያርምበት፣ የይዞታ ካርታ የሚያስተዳድር፣ ወይም ውል ላይ የዳታው ዓይነት በስም የተጻፈበት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ አርክጂአይኤስ ፕሮ ዋጋውን ያወጣል። አንድ ሁለት ፈቃድ ገዝቶ የቀረውን ወንበር በኪውጂአይኤስ መሙላትም ይቻላል፤ ኪውጂአይኤስ የኢስሪን የዳታ ማስቀመጫ፣ ፋይል ጂኦዳታቤዝን፣ ያነባል።

የግዢ መጠየቂያው ላይ ግን «ጂአይኤስ ሶፍትዌር፣ ብዛት 1» ብላችሁ አትላኩ። የምትሠሩትን ሥራ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ኤክስቴንሽን በስሙ፣ የሚጠቀምበትን ሰው ቁጥር፣ ፈቃዱ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጻፉ። ሻጩ ሲመጣም ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ያቺን የተዳፋት ማስያ ፊት ለፊታችሁ ያስነሣ።