ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያልሞከራችሁትን ሃይብሪድ እንዳትገዙ

ጎንደር ላይ ሆናችሁ በባትሪም በቤንዚንም የሚሄድ፣ በሶኬት ቻርጅ የሚደረግ ሃይብሪድ፣ ፕላግ ኢን የሚሉትን፣ ለመግዛት ቀብድ ልትከፍሉ ነው? እባካችሁ ሁለት ቀን ታገሱ። እኔ ጥቅምት ላይ ገዛሁ። ምን እንደገዛሁ የገባኝ ግን ታኅሣሥ ላይ ነው።

የሻጩን ስም አልጽፍም። እንዲህ የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለም። አንዱን ብጠራ ሌላው ይስቃል።

መኪናዋ ያገለገለች ናት። ላይዋ ያምራል፣ ውስጧ ንጹሕ ነው፣ ሊብሬዋም ችግር የለበትም። የሞከርናት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከፒያሳ ተነስተን ወደ አዘዞ ወረድን። ወረድን ነው የምላችሁ! አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ መንገዱ ወደዚያ ሲሄድ ያዘቀዝቃል። እንዲህ ያለ መኪና ደግሞ ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ወይም ፍሬን ስትነኩ ራሱ ባትሪውን ይሞላል። ስለዚህ አዘዞ ስንደርስ ቻርጁ ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። ሰውየው ጎኔ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ በአንድ ቻርጅ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዱባታል። ማደያ የሚባለውን ይረሱታል» አለኝ። ማደያ ሰልፍ ላይ ስንት ሌሊት ያደረ ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት ልቡ አይቀልጥ?

ስንመለስ «ጋሼ ይረፉ፣ እኔ ልንዳ» ብሎ መሪውን ያዘ። ገና ሳንነሳ አንዲት ቁልፍ ነካ ሲያደርግ አይቻለሁ። ምንድን ናት ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። ዛሬ አውቃታለሁ። ባትሪውን አስቀምጦ በቤንዚን ሞተር የሚያስነዳ ቁልፍ ናት። ዳገቱን የወጣነው በቤንዚን ነው! ሙዚቃውን ከፍ ያደረገውም ሞተሩ እንዳይሰማኝ መሆኑ የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ታኅሣሥ ላይ ቤተሰብ ይዤ ወደ ደባርቅ ልሄድ ተነሳሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጌያታለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ መስታወቱ ላብ ለብሶ፣ ትንፋሻችን እየታየ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ። ወዲያው የቤንዚኑ ሞተር ተነስቶ ጮኸ። ከኋላ የተቀመጡት አማቴ፣ «ይቺ መኪና ቤንዚን አትጠጣም አላልከንም?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ማሞቂያውን ዘጋሁት፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናነቡ፣ ሞተሩም ዝም አለ። ከወለቃ በላይ ያለውን ዳገት ስንይዝ ግን የባትሪው ቁጥር እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ታች ይሮጥ ጀመር። ኮሶዬ ሳንደርስ፣ 21 ኪሎ ሜትር ላይ አለቀ። ሰማንያው እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

መጀመሪያ መኪናዋ ተበላሽታለች ብዬ ነበር። አልተበላሸችም። የተበላሸው የነገሩኝ ቁጥር ነው።

ያ በፋብሪካ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ርቀት እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ። በገበያችን ያሉ ብዙ የቻይና መኪኖች ቁጥራቸው ኤንኢዲሲ ወይም ሲኤልቲሲ በሚባል መለኪያ የተገኘ ነው። መኪናው ክፍል ውስጥ በሚሽከረከር ብረት ላይ ይነዳል። ዳገት የለም፣ ማሞቂያ አይከፈትም። በኤንኢዲሲ የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ። አውሮፓውያን ይህ መለኪያ እውነተኛውን መንገድ አያሳይም ብለው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሌላ ተክተውታል። የእኔዋ ወረቀቷ ላይ ራሱ 80 አይልም፤ 50 ምናምን ነው የሚለው። 80ውን የጨመረው የሰውየው ምላስ ነው።

አሁን ዳገቱን አስሉት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ ከ2,800 ይበልጣል። መኪናዋ ከነሰዎቿ ሁለት ቶን ብትመዝን፣ እሷን 700 ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻውን ወደ 3.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ጎማው መሬት ላይ የሚፈጀውና ንፋሱ የሚጎትተው ሳይቆጠር ማለት ነው። የእኔዋ ባትሪ አዲስ ሳለች 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነበር። ግማሹን ያህል ዳገቱ ብቻውን ይወስደዋል ማለት አይደል? ሲመለሱ ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይከፍላል፤ ሙሉውን ግን አይመልስም።

ብርዱስ? ብርድ ላይ ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካል ይተኛል፣ ኃይሉን በግድ ነው የሚሰጠው። ትልቁ ሌባ ግን ብርዱ ራሱ አይደለም፣ ማሞቂያው ነው። የአሜሪካው የመኪና ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤኤኤ የሚባለው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አምስት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ ሞክሮ ነበር። ብርዱ ብቻውን ርቀታቸውን በአማካይ 12 በመቶ ቀነሰው። ማሞቂያው ሲከፈት ቅነሳው 41 በመቶ ደረሰ። ጎንደር እንደዚያ አትበርድም፣ ይመስገን። ደባርቅና ከዚያ በላይ ወደ ስሜን ተራራ ግን የጥር ሌሊት ውርጩን የቀመሰ ያውቀዋል።

ሃይብሪድ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዱ በባትሪ የሚሠራ ማሞቂያ አለው። አንዳንዱ ጭራሽ የለውም፤ ሙቀት ከፈለጋችሁ የቤንዚን ሞተሩን ማስነሳት ግዴታው ነው። የፊት መስታወቱን ላብ የሚያጠፋውን ቁልፍ ስትጫኑ ሞተር የሚያስነሱም አሉ። ይህንን ማንም ደላላ አይነግራችሁም። የእኔዋ ከሁለተኛው ወገን ናት። ከማራኪ ሰፈር ተነስቼ ፒያሳ ለመድረስ ማሞቂያ ከከፈትኩ ያቺን አጭር መንገድ በቀዝቃዛ ሞተር ነው የምሄደው። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፤ ሳይሞቅም እደርሳለሁ።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ቀጠሮውን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አድርጉት። መኪናው ሌሊቱን ደጅ ይደር። ከመነሳታችሁ በፊት ቻርጁ ሙሉ መሆኑን እዩና ዳሽቦርዱን ፎቶ አንሱ። ማሞቂያውን ክፈቱና ጆሯችሁን አቁሙ። ሙዚቃ የለም! ከዚያ ወደ አዘዞ ሳይሆን ወደ ወለቃ፣ ከቻላችሁ ወደ ኮሶዬ ውጡ። እናንተ ራሳችሁ ንዱ። «ባትሪው ይሞቅ፣ ቆይተው ይምጡ» ካላችሁ ሰውየውን አመስግናችሁ ተለዩት።

ያገለገለ ከሆነ ስካነር ያለው መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የባትሪው ጤና ስንት በመቶ እንደቀረ ይነበባል። የእኔዋን ከገዛሁ በኋላ አስነበብኳት፣ 78 በመቶ አለ። ሊብሬ ስገለብጥ ያጠፋሁትን ጊዜ ሩቡን ለዚህ ባጠፋ ኖሮ! የቻርጀሩን አፍም እዩ። የቻይናው፣ የጃፓኑና የአውሮፓው አይገጣጠሙም፤ ገመዱ ከጠፋ ሌላ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ነው።

ሻጩ የሚላችሁን ርቀት ውሉ ላይ ጻፉት። በአንድ ሙሉ ቻርጅ ይህን ያህል ይሄዳል፣ ካልሄደ እንዲህ ይደረጋል ብላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። በቃል የተነገረን ቁጥር ግን ማን ይመሰክራል? እኔ ሄጄ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ብርዱን እኔ አላመጣሁት።»

አንዴ የገዛችሁ ደግሞ እንደኔ አትናደዱ፣ አነዳዱን ልመዱት። ከተማ ውስጥ ማሞቂያ አልከፍትም። ጋቢ እግሬ ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ የመቀመጫውን ማሞቂያ እለኩሳለሁ። መቀመጫው ከመቶ ዋት በታች ነው የሚወስደው፤ በባትሪ የሚሠራው የአየር ማሞቂያ ግን ሺዎችን ይወስዳል። ረጅም መንገድ ስወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ደባርቅ ስነሳ ያቺን የሰውየውን ቁልፍ እኔም እጫናለሁ። ሞተሩ ይሠራል፣ ከሞተሩ የሚባክነው ሙቀት የመኪናዋን ውስጥ በነፃ ያሞቃል፣ ባትሪው ለዳገትና ለከተማ ይተርፋል። ባትሪውን ጨርሶ ዳገት መያዝ ሞኝነት ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ከወገራ ዳገት ላይ ገልባጭ ለመቅደም ስሞክር በደንብ ገብቶኛል።

ደባርቅ አድራችሁ ጠዋት ሊማሊሞን የምትወርዱ ከሆነ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። ሙሉ ባትሪ ቁልቁለቱ የሚሰጠውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ያን ጊዜ አብዛኛው ሥራ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ቻርጁን ደግሞ ማታ ሳይሆን ልትነሱ ሲል እንዲያልቅ አስተካክሉት፤ ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው ትንሽ ይሞቃል። መብራት ካልሄደ ነው ታዲያ። ጎሚስታ ጋር ጠዋት ጎማ አስለኩ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ንፋሱ ወደ 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል።

አሁን ማሞቂያ ሳልከፍት፣ ከተማ ለከተማ፣ በአንድ ቻርጅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አገኛለሁ። ለእኔ ኑሮ ይበቃል። ይህን ቁጥር በጥቅምት ቢነግረኝ ኖሮ ምናልባት እገዛት ነበር፤ በዚያ ዋጋ ግን አልገዛትም።

ባለፈው ሳምንት ሰውየውን አየሁት። ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ነጭ መኪና ውስጥ ከሌላ ሰው ጎን ተቀምጦ ወደ አዘዞ ይወርዳል። ሙዚቃው እስከ አስፋልቱ ማዶ ይሰማል።