ቤቴ ድረስ ለሚመጡልኝ ለሆስፒስ ኢትዮጵያ ሰዎች ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና ሦስት አልሞላውም። የጡት ካንሰሬ ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ደረጃ አራት ከተባልኩ ቆየሁ። ዛሬ የምጽፈው ከነሕመሜ ልጆቼን አቅፌ እንድውል ያደረጉኝን ሰዎች ለማመስገን ነው።

ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይባላሉ። ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚው ቤት ድረስ እየሄዱ ሕመም የሚያስታግስ ሕክምና ይሰጣሉ። ብዙ ሰው ስማቸውን ሲሰማ «ሐኪም ተስፋ ለቆረጠበት ነው» ይላል። እኔ ግን ኬሞዬን (የካንሰር መድኃኒቴን) እየወሰድኩ ነው የሚመጡልኝ።

የአጥንት ሕመም የያዘው ያውቀዋል። ትንሹ ልጄ አጠገቤ ሆኖ ሲያለቅስ ማንሳት አቅቶኝ አብሬው አለቅስ ነበር። ሐኪማቸው የሚጠጣ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ አዘዘልኝ፤ ማታ ስተኛ ደግሞ እጥፉን፣ ሌሊት ለመድኃኒት ሳልነሳ እንዳድር። ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀን እንደሚተወኝ፣ ሆድ ማድረቁ ግን ስለማይተው ማለስለሻውን አብሬ እንድወስድ ቤቴ የሚመጡልኝ ነርስ፣ ሲስተር የምላቸው፣ ነገሩኝ፤ እንዳሉትም ሆነ። አማቴ «ሞርፊን! ሱስ ሊሆንባት ነው እኮ» ብለው ሲደነግጡ፣ ሲስተር ቡናውን አብረው እየጠጡ ቀስ ብለው አስረዷቸው። አሁን ሰዓቱን ጠብቀው በስሪንጅ ለክተው የሚያጠጡኝ አማቴ ናቸው። ጸበሌንም አላስተዉኝም፤ «ጠጪ ልጄ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጪ» ነው ያሉኝ።

ከሁሉም የማልረሳላቸው የትልቋን ልጄን ነገር ነው። እኛ ቤት ለልጅ ክፉ አይነገርም። ዘመድ ሁሉ «እማዬን ጉንፋን ነው» ይላታል፤ እሷ ግን ጸጉሬ ሲረግፍ አይታለች፤ አልጋዬ አጠገብም አትደርስም። ሲስተር ራሴ እንድነግራት መክረውኝ ከጎኔ ተቀመጡ። የበሽታው ስም ካንሰር እንደሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ማንም ጥፋት ሠርቶ እንዳላመጣው ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ደረትሽ ላይ ስለዘለልኩ አይደለም?» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ይህን በሆዷ ይዛ ነበር! የዚያኑ ዕለት ማታ እቅፌ ውስጥ ተኛች።

«ትድኛለሽ?» ብትለኝስ ምን ልበላት ብዬም ጠየቅኳቸው። «የማታውቂውን ቃል አትግቢላት። መድኃኒት እየወሰድሽ እንደሆነ ንገሪያት፤ አንቺ ስትደክሚ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሳት፣ ማን ጸጉሯን እንደሚሠራት ንገሪያት። ልጅ የሚጨንቀው እሱ ነው» አሉኝ።

እንደኔ ያላችሁ ወላጆች፣ የሚያክማችሁን ሐኪም «ፓሊየቲቭ ኬር (ሕመም የሚያስታግስ ሕክምና) ሪፈር ይጻፍልኝ» በሉት። ሕመሙ እስኪጠና አትጠብቁ፤ ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው የለም። የባዮፕሲ (የናሙና ምርመራ) እና የሲቲ ስካን ውጤታችሁን ኮፒ፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ አዘጋጁ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ መጥታችሁ ማደሪያ ያጣችሁ ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ፤ ለታማሚዎች ማረፊያ አላቸው። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት ነው፤ የወላጅን ሆድ ያውቁታል።

የሲስተርን ስም ያልጻፍኩት እሳቸው ስላልፈለጉ ነው። ሲስተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የልጅ ልጅ ያሳይዎት።